«ድኛለሁ» ከተባለ በኋላ የሚመለሰው የልብ ድካም

በደሳ፦ ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በደሳም ሆነ በሌሎቹ የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞችና ገጠሮች፣ የልብ ድካም ያለበት ሰው ሕመሙን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በእግሩና በትንፋሹ ነው። ማታ ማታ ጫማው ይጠብበታል። ዱሮ ሳያርፍ ይወጣው የነበረውን ዳገት ሁለት ሦስት ጊዜ ቆሞ ይወጣዋል። ሌሊት በጀርባው ተንጋሎ መተንፈስ ስለሚያቅተው ትራስ ይደራርባል፤ ሲብስበትም ተቀምጦ ያነጋል። ሐኪም ቤት ሄዶ መድኃኒት ሲጀምር ለውጡ ፈጣን ነው። ሽንቱ ይበዛል፣ እብጠቱ ይጎድላል፣ እንቅልፉ ይመለሳል። በሳምንት ውስጥ ቤተሰቡም እሱም «ድኗል» ይላሉ።

አደጋው የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚህ ቀን በኋላ ነው። የማሽላ አጨዳ ይደርስና ቀጠሮው ያልፋል፤ ክኒኑ ያልቅና «ለምን ገንዘብ ላውጣ፣ ደኅና ነኝ» ይባላል። በምግቡ ላይ የቀነሰው ጨው ይመለሳል፤ የተወው በርጫም እንዲሁ። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያው ሰው በባሰ ሁኔታ ወደ ሐኪም ቤት ይመለሳል። ልብ በተደጋጋሚ እንዲህ ሲዳከም በእያንዳንዱ ዙር ከነበረው አቅም ጥቂት ጥቂት ይቀንስበታልና፣ ይህ ምልልስ እንደ ተራ ሕመም የሚታይ አይደለም።

በመጀመሪያ ስሙን መለየት ያስፈልጋል። በተለምዶ አንድ ሰው በድንገት ወድቆ ሲሞት «በልብ ድካም ሞተ» ይባላል። በዚያ መንገድ ከሚሞቱት ብዙዎቹን የሚገድላቸው ግን የልብ ሥጋን የሚመግበው የደም ሥር በድንገት መዘጋት ወይም የልብ ምት መዛባት ነው። የልብ ድካም ልብ ደምን ወደ ሰውነት የመግፋት ወይም የመቀበል አቅሙ ሲቀንስ የሚከሰት፣ በአብዛኛው ለዓመታት የሚቆይ ሕመም ነው። «ድካም» ስለተባለም ልብ ሊቆም ጥቂት ቀርቶታል ማለት አይደለም። በአግባቡ የሚታከም ሰው ሠርቶ፣ ልጆቹን አሳድጎ ረጅም ዕድሜ ሊኖር ይችላል።

ጫቱን ወይም ሽንኩርቱን በውኃ መሳቢያ ሞተር ለሚያጠጣ አርሶ አደር ነገሩ ሩቅ አይደለም። ሞተሩ ሲደክም ከማሳው ጫፍ ያለው ተክል ውኃ ያጣል፤ ውኃው ግን ከሞተሩ ወዲህ ባለው ጉድጓድ ይጠራቀማል። በሰውነትም ውስጥ ደም ወደፊት በበቂ ሁኔታ ሳይሄድ ሲቀር ጡንቻና ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ወደ ኋላ የተጠራቀመው ፈሳሽ ደግሞ ወደ ሳንባ፣ ወደ ሆድና ወደ እግር ይሰርጋል። ከዚህ በላይ ነገሩን የሚያባብሰው የኩላሊት አሠራር ነው። ኩላሊት የሚደርሰው ደም ሲያንስ ሰውነቱ ውኃ የጠማው ይመስለዋል፤ ስለዚህ ጨውና ውኃን ከማስወጣት ይልቅ ይይዛል። በደከመው ሞተር ላይ ተጨማሪ ውኃ ይጫንበታል ማለት ነው።

ሕመሙ የሽማግሌዎች ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ለእኛ አገር አይሠራም። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገራት ባሉ 12 ሆስፒታሎች በአጣዳፊ የልብ ድካም የተኙ 1,006 ሕሙማንን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት መሆኑን አሳይቷል። ይህ ዕድሜ ሰው ገና ሞፈርና ቀንበር የሚይዝበት፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድርበት ነው። በዚሁ ጥናት 45 በመቶ ለሚሆኑት መንስኤው የደም ግፊት ነበር። 14 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ በልጅነት በሚጀምር፣ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የልብን በሮች በሚያበላሽ ሕመም ምክንያት የታመሙ ናቸው። በሀብታም አገራት ዋናው መንስኤ የሆነው የልብ ደም ሥሮች መጥበብ በጥናቱ ከ8 በመቶ ያነሰ ድርሻ ነበረው። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት እብጠት ቢኖራቸውም መንስኤያቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ የአንዱን ክኒን ለሌላው ማዋስም በዚህ ምክንያት አደገኛ ነው።

ሐኪሙ የሚያዘው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ነው። ታካሚዎች በቶሎ የሚወዱት ሽንት የሚያበዛውን ፉሮሴማይድን፣ በተለምዶ ላሲክስ የሚባለውን፣ ነው፤ ውጤቱ በሰዓታት ውስጥ ይታያልና። ፉሮሴማይድ የተጠራቀመውን ውኃ ያስወጣል እንጂ የልብን ድክመት አያክምም። ልብን ከተጨማሪ ጉዳት የሚጠብቁትና ዕድሜ የሚያረዝሙት ምንም ለውጥ የማያመጡ የሚመስሉት ሌሎቹ ክኒኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 በስዊድን፣ በኖርዌይና በፊንላንድ ከባድ የልብ ድካም ባለባቸው 253 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይፋ ሲሆን፣ በስድስት ወራት ውስጥ ኢናላፕሪል ካልተሰጣቸው ከመቶ 44ቱ ሲሞቱ ከወሰዱት መካከል የሞቱት ከመቶ 26 ነበሩ። ስፓይሮኖላክቶን የተባለው መድኃኒትም እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት የሞትን መጠን በ30 በመቶ ቀንሷል። ሁለቱም ዋጋቸው ከአዳዲሶቹ መድኃኒቶች ያነሰና ለረጅም ጊዜ የታወቁ ናቸው። እብጠት ሲጠፋ ላሲክሱን ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን የሚተው ሰው የሚጥለው ዋናውን ሕክምናውን ነው።

መድኃኒቱን የሚያስተዉ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ሳሉ የሳንባ ሕመም ነው ተብሎ ሌላ መድኃኒት ሲገዛ ይከርማል። ለሐኪሙ ቢነገረው ሳል በማያመጣ ተመሳሳይ መድኃኒት ይለውጠዋል። የልብን ምት የሚያረጋጉት እንደ ሜቶፕሮሎልና ካርቬዲሎል ያሉት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊያደክሙ ይችላሉ። ለዚህም ነው በትንሽ መጠን ተጀምረው ቀስ በቀስ የሚጨመሩት። እነዚህን በድንገት ማቆም ልብን በእጅጉ ይጎዳል።

ከክኒኑ ቀጥሎ የሚመጣው ጨው ነው። ሰንጋ የሚያደልብ የሐረርጌ ገበሬ ጨው የላሰ በሬ ገንዳው ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ ያውቃል። በሰውም ዘንድ ጨው ውኃን ይጠራል፣ ይይዛልም፤ ላሲክሱ ያስወጣውን ውኃ የማታው ወጥ ይመልሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ሲሆን ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ግን አንድ አዋቂ በአማካይ በቀን 8.3 ግራም እንደሚወስድ አሳይቷል።

ችግሩ ጨው በማንኪያ ተለክቶ የሚበላ አለመሆኑ ነው። በርበሬው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፤ ሽሮውም እንዲሁ። ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። በዳጣው፣ በዳቦውና በሱቅ በሚሸጠው የሾርባ ማጣፈጫ ውስጥም አለ። በሐረርጌ ቤት ደግሞ ጠዋትና ማታ የሚፈላው ሆጃ አለ፤ የቡና ገለባ ከወተት ጋር ሲፈላ ብዙዎች ጨው ጣል ያደርጉበታል። በቀን ሦስት አራት ሲኒ ለሚጠጣ ሕመምተኛ ይህ ትንሽ አይደለም። የሚሻለው የቤቱን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ማስፈጨትና ጨውን በመጨረሻ፣ በሚታይ መጠን፣ መጨመር ነው። ለታማሚው ብቻ የተለየ ድስት መጣድ ብዙ ቤት ውስጥ ከሳምንት አያልፍም፤ ደግሞም የደም ግፊት በቤተሰብ የሚሄድ ስለሆነ የጨው መቀነሱ ለሌሎቹም ይጠቅማል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ኮረሪማ ጣዕሙን ይመልሱታል። በፖታሲየም የተሠሩ «የጨው ምትኮች» ግን ከስፓይሮኖላክቶንና ከኢናላፕሪል ጋር ሲወሰዱ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ለልብ አደገኛ ወደሆነ ደረጃ ሊያደርሱ ስለሚችሉ ሐኪም ሳይጠየቅ አይወሰዱም።

ከዚህ ተነሥቶ ምግብን ጨርሶ አልጫ ማድረግ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነና በስድስት አገራት 800 ገደማ ሕሙማንን ያሳተፈ ጥናት ጨውን በጣም ዝቅ ማድረግ ሞትንና ሆስፒታል መተኛትን እንዳልቀነሰ፣ የሕሙማኑን የዕለት ኑሮ ግን በመጠኑ እንዳሻሻለ አሳይቷል። የእነዚያ ሕሙማን የጨው መጠን ግን ገና ሲጀምሩም ከ6 ግራም አይበልጥም ነበር። ከ8 ግራም በላይ ለሚበላ ሰው የመጀመሪያው ሥራ ወደ 5 መውረድ ነው፤ ምግብ እስኪያስጠላ ድረስ መጨነቅ አያስፈልገውም። የልብ ድካም በራሱ ሥጋና ጉልበት ያሳጣልና፣ የማይበላ ሕመምተኛ ሌላ አደጋ ውስጥ ይገባል።

ጫትን ሳያነሡ በምዕራብ ሐረርጌ ስለ ልብ መናገር አይቻልም። ጫት ለብዙ ቤተሰብ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያና የጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ እዚህ ላይ የሚነሣው ንግዱ አይደለም። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር በአሠራሩ አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል። የልብን ምት ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፣ የደም ሥሮችን ያጠብባል። በየመን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናትም ጫት መቃምን ከድንገተኛ የልብ ደም ሥር መዘጋት ጋር አያይዞታል። ሜቶፕሮሎል የሚወስድ ሰው ሲቅም መድኃኒቱ ልብን ወደ ኋላ ይይዛል፣ ጫቱ ወደፊት ይነዳል፤ በመካከል የሚለፋው የደከመው ልብ ነው።

በርጫው ይዞ የሚመጣው ነገርም ከቅጠሉ አይተናነስም። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ውኃው፣ ለስላሳውና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲጠጣ ይዋላል፤ ጨው የነካው ኦቾሎኒ ይቆረጠማል፤ ሲጋራ ይጨሳል፤ ማታ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ እንቅልፍም ይርቃል። አንዳንዱ ምርቃናውን በመጠጥ ይሰብራል። የማታው ክኒንም ተረስቶ ያድራል። ስለዚህ ለልብ ሕመምተኛ የሚሰጠው ምክር ጨርሶ መተው ነው። ለዓመታት የቃመ ሰው ግን በአንድ ቀን እንዲተው ታዝዞ ካልቻለ ለሐኪሙ መዋሸት ይጀምራል፤ ይህ ደግሞ ከጫቱ ያላነሰ ጉዳት አለው። ምን ያህል እንደሚቅም በግልጽ የሚናገር ታካሚ የሚያገኘው ሕክምና የተሻለ ነው። ከጫት ንግድ የሚያድር ሰው የሚሸጠውን መቃም ግዴታው አይደለም፤ ከጓደኞቹ ጋር መቀመጥ የሚፈልግም ሳይቅም የሚቀመጥበትን መንገድ ሊያበጅ ይችላል።

ገበሬውን በተለይ የሚመለከት ሌላ ወጥመድ የወገብና የጉልበት ሕመም ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በየመድኃኒት ቤቱ በቀላሉ ይገዛሉ፤ ከአረም ወይም ከአጨዳ በኋላ የማይወስዳቸው የለም ለማለት ያስደፍራል። እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፣ የላሲክስንና የኢናላፕሪልን ሥራም ያዳክማሉ። ቀጠሮውን ያከበረ፣ ጨውም የቀነሰ ሰው በአንድ ሳምንት የዳይክሎፌናክ ክኒን ወይም መርፌ ብቻ ሊያብጥ ይችላል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። መድኃኒት ቤት ሲገቡም «የልብ ሕመም አለብኝ» ብሎ መናገር ይገባል። ይዘቱ የማይታወቅ የባህል መድኃኒትም ከሐኪም መደበቅ የለበትም።

ውኃ መጠራቀሙን ከእብጠት በፊት የሚያሳይ ነገር ቢኖር ሚዛን ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ የጨመረ ሰው አልወፈረም፣ ሁለት ሊትር ውኃ ይዟል። ምክሩ በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት መመዘንና ቁጥሩን መጻፍ ነው። በከተማ ጎዳና ዳር በጥቂት ብር የሚመዝኑ ልጆች አሉ፤ በአንድ ዓይነት ሚዛን፣ በተመሳሳይ ሰዓትና ልብስ እስከሆነ ድረስ እነሱም ያገለግላሉ። ሚዛን በማይገኝበት ቀበሌ የጫማ መጥበብ፣ የቀበቶ ቀዳዳ፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር ቁርጭምጭሚትና የትራስ ቁጥር መጨመር ተመሳሳይ ወሬ ይናገራሉ። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲታይ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ተቀምጦም ትንፋሽ ማጠር፣ ከእንቅልፍ ታፍኖ መንቃት፣ ሮዝ መልክ ያለው አረፋማ አክታ፣ የደረት ውጋት ወይም ራስን መሳት ከመጣ ግን ለአንድ ሌሊት የሚታደር አይደለም።

የሚጠጣውን ውኃ በተመለከተ ለሁሉም የሚሆን አንድ ልክ የለም። በጣም ያበጠ ሰው ሐኪሙ መጠን ሊወስንለት ይችላል። እንደ ሚኤሶ ባለ ሞቃት ቆላ ላሲክስ እየወሰደ የሚሠራ ሰው ግን ከልክ በላይ ውኃ ቢያጣ ያዞረዋል፣ ኩላሊቱም ይጎዳል። ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዘው ጊዜም ክኒኑን እንዴት እንደሚወስድ ባለሙያ ይጠይቅ።

«ልቡ የደከመ ሰው ይተኛ» የሚለው የቆየ ምክር ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ፣ በካናዳና በፈረንሳይ 2,331 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት የተለካ እንቅስቃሴ ለተረጋጋ ሕመምተኛ አደጋ እንደሌለው አረጋግጧል። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየሄደ ማውራት የሚችል ሰው ልኩን አላለፈም፤ ቃል ማውጣት ካቃተው ማረፍ አለበት። በሜዳ ላይ በቀን ጥቂት ደቂቃ መራመድ፣ ከዚያ መጨመር፣ ጎተራ መጠገን፣ ችግኝ መኮትኮት ይቻላል። ኩንታል መሸከም፣ ዳገት ላይ ማረስ፣ በቀትር ማጨድ ግን ለሌላ የቤተሰብ አባል ወይም ለደቦ የሚተዉ ናቸው።

የሴቶች ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በእርግዝና መጨረሻ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የሚከሰት የልብ ድካም አለ፤ የአራስ ድካም ነው፣ እንቅልፍ አጥታ ነው ተብሎ ይታለፋል። የምታርስ እናት ተንጋላ መተኛት ካቃታት፣ እግሯ ከወሊድ በኋላ ማበጡ ከቀጠለ መመርመር አለባት። በሕክምና ላይ ያለች ሴትም ኢናላፕሪል ፅንስን የሚጎዳ በመሆኑ ከማርገዟ በፊት ከሐኪሟ ጋር መነጋገርና የወሊድ መከላከያ ማግኘት ያስፈልጋታል። በልጅነቱ የልብ በር ለተጎዳበት ወጣት ደግሞ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ ከክኒኖቹ እኩል ነው፤ አንድ ጉሮሮ ሕመም ጉዳቱን ሊያድሰው ይችላል።

በረመዳን መድኃኒት የሚያቆሙ ብዙዎች ናቸው። እስልምና ለታመመ ሰው ጾምን የማቆያ ፈቃድ ይሰጣል፤ በከባድ ሁኔታ ያለ ሕመምተኛም በዚህ ፈቃድ መጠቀሙ ተገቢ ነው። የተረጋጋውና መጾም የሚፈልገው ወሩ ከመግባቱ በፊት ወደ ሐኪሙ ቢሄድ፣ ክኒኖቹ ወደ ሱሁርና ወደ ኢፍጣር የሚዛወሩበትን መንገድ ሊነድፍለት ይችላል። በራስ ውሳኔ ላሲክስን ወደ ማታ ማዞር ሌሊቱን በሽንት ያሳልፋል፤ ሁለት መጠን በአንድ ጊዜ መውሰድም ግፊትን በድንገት ሊጥል ይችላል። የክርስትና ጿሚዎችም ከጠዋቱ ክኒን ጋር የሚያጋጥማቸው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው።

የሚቀረው የቀጠሮው ነገር ነው። ከሩቅ ቀበሌ ወደ በደሳ ወይም ወደ ጭሮ ለሚመጣ ሰው የአንድ ቀን ቀጠሮ የመኪና ሂሳብ፣ የአንድ ቀን ሥራና የአጃቢ ወጪ ነው። አጨዳ ከመድረሱ በፊት ለሐኪሙ ቢነገረው ሕመሙ የተረጋጋ ታካሚ የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ መታወቂያውን በወቅቱ ያሳድስ፤ ጊዜው ካለፈ ሕክምናው የሚፈለግበት ቀን ላይ ከኪስ መክፈል ይመጣል። ወደ ቀጠሮ ሲኬድም ባዶ የሆኑትን ጨምሮ የክኒኖቹን ማሸጊያዎች ሁሉ፣ የክብደቱን ማስታወሻና ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠራውን ሰው ይዞ መሄድ ይጠቅማል።